«በቦረና አንድም አልተገኘም»፦ ዜሮ የወጣበት ጥናት ታሪክ

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻይ ወይ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። የምጽፈው ከሜጋ ስለሆነ ምሳሌዎቼ የኛው ሰፈር ናቸው። ነገሩ ግን መጠይቅ ተሞልቶለት የሚያውቅን፣ መጠይቅ ይዞ የሚዞርን፣ «ጥናት አረጋገጠ» ሲባል በዜና የሚሰማን ሰው ሁሉ ይመለከታል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2004 «ወርልድ ሳይካያትሪ» በሚባል የታወቀ የአእምሮ ሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ቦረና አንድ ጥናት ወጣ። ተፈራ በየሮና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ነው። ከአንድ ሺህ በላይ አዋቂ ሰው በመጠይቅ ተጠየቀ። ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ፣ በትክክል ለመናገር 21.6 በመቶው፣ በሕይወቱ ውስጥ የሆነ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ወይም ከሱስ ጋር የተያያዘ ችግር አጋጥሞታል ተባለ። ጭንቀት አለ። ሱስ አለ። ድባቴም ጥቂት አለ።

ስኪዞፍሬኒያ ግን ዜሮ። አንድም ሰው አልተገኘም።

ይቺን ዜሮ ቆም ብለን እንያት። ስኪዞፍሬኒያ ሰው ከእውነታው ጋር ያለው ግንኙነት የሚናጋበት፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማበት፣ የሌለ ነገር እንዳለ አድርጎ አጥብቆ የሚያምንበት ከባድ ሕመም ነው። በየአገሩ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ የሌለበት አገር አይታወቅም፤ በግምት ከ1,000 ሰው 4 ያህሉን በሕይወት ዘመኑ ያገኘዋል። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሺህ ሰው ጠይቀህ አራት ሰው ከጠበቅህ፣ አንድም አለማግኘት በዕድል ብቻ የሚደርሰው ከመቶ ጊዜ ሁለቴ ገደማ ነው። የተጠየቀው ሰው ከሺህ እየበለጠ ሲሄድ ደግሞ ዕድሉ ከዚያም ያንሳል።

ስለዚህ ሦስት መልስ ነው ያለው። ወይ ቦረና በዓለም ላይ ብቸኛው ከዚህ ሕመም ነፃ የሆነ ሕዝብ ነው፤ ወይ ዕድል ነው፤ ወይ ደግሞ መጠይቁ እዚህ አገር የሚያይበት ዓይን የለውም።

የመጀመሪያው መልስ ያጓጓል፣ አይደል? ንጹሕ አየር፣ ወተት፣ የጎሳ መረዳዳት፣ ማንም ብቻውን የማይቀርበት ኑሮ። እንደዚህ እያለ ስለ አርብቶ አደር ሕይወት የሚያወራ ሰው ብዙ ነው። እኛም ስንሰማው ደስ ይለናል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሕመምተኛ የለም ከተባለ መድኃኒት አይላክም። ባለሙያ አይመደብም። ጤና ጣቢያው «እዚህ ይሄ ችግር የለም» ብሎ ዕቅዱን ይዘጋል። ዜሮ እኮ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ለአንዳንድ ሰው ፍርድ ነው።

ሜጋ ያደገ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል። ከዱብሉቅ እስከ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻውን እያወራ የሚሄድ ሰው ያላየ ማን አለ? በኦሮምኛ ስም አለው፤ ማራታ ይባላል። ቃሉ አለ። ሰውዬውም አለ። ታዲያ ጥናቱ ውስጥ የት ገባ?

የመጠይቁ ዘር

መልሱን ለማግኘት መጠይቁ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕመምን በጥናት የመቁጠር ሥራ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ ሮበርት ሂል የተባለ ኔዘርላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም አገራችን ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ከባልደረባው ቫን ላይክ ጋር ስለ አንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ ያደረጉት ጥናት በ1969 ታትሟል። ያኔ ግን ሐኪሙ ራሱ ነበር ሰው እያየ የሚመረምረው። ይሄ ደግሞ የትም አያደርስም። ለአሥርተ ዓመታት ለመላው አገር የነበረን ልዩ የአእምሮ ሆስፒታል አንድ አማኑኤል ነበር፤ ስሙ ራሱ በየሰፈሩ ተረት እስኪሆን ድረስ። የአእምሮ ሐኪሞችን አገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ነው። ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት አገር ሺህ ሰው ማን ይመርምር?

ይሄ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ከአሜሪካ መንግሥት ተቋማት ጋር ሆኖ በ1980ዎቹ አንድ መጠይቅ አዘጋጀ፤ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ሲአይዲአይ ይባላል። ሐሳቡ ብልህ ነበር። ሐኪም ያልሆነ፣ ጥቂት ቀን የሠለጠነ ሰው፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ጥያቄ ቃል በቃል ያነባል፤ ተጠያቂው አዎ ወይም አይደለም ይላል፤ ምርመራውን ሕጉ ራሱ ያወጣዋል። በየአገሩ ተሞከረ። ሁለት የተለያዩ ጠያቂዎች አንዱን ሰው ቢጠይቁ መልሱ በአብዛኛው ይስማማል። ጥሩ። ዓለም ተቀበለው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠመዘዘው።

ገበያ ላይ ታችዋ ወደ ውስጥ የተጎደጎደ ጣሳ ያላት ነጋዴ አስቡ። አሥር ጊዜ ብትሰፍርልህ አሥሩም ጊዜ እኩል ነው። ጎረቤቷ በዚያችው ጣሳ ብትሰፍርም ያው ነው። ጣሳዋ አስተማማኝ ናት፤ ምሁራኑ ሪሊያቢሊቲ የሚሉት ይሄን ነው። ትክክል ናት ወይ? አይደለችም። ሁልጊዜ በእኩል መጠን ታጎድልብሃለች። አስተማማኝ መሆንና ትክክለኛውን ነገር መለካት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሁለተኛው ነው ቫሊዲቲ የሚባለው። እኔ «ልክነት» እለዋለሁ፤ ልኬቱ ለካሁት ያለውን ነገር እውነት ለክቷል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ጣሳዋን አስተካክለህ ሞላ አደረግሃት እንበል። አሁን በቆሎ ለመስፈር ልክ ናት። በዚያችው ጣሳ የፍየል ዕድሜ ልለካ ብትል ግን ሰው ይስቅብሃል። ልክነት በመሣሪያው ላይ ተለጥፎ የሚኖር ማኅተም አይደለም። መሣሪያው፣ የሚለካው ነገርና የሚለካበት ቦታ ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር ነው። «ይሄ መጠይቅ ልክነቱ የተረጋገጠ ነው» ሲባል «የት? ለምን? ለማን?» ብሎ መጠየቅ ከዚህ ይመጣል።

ለበቆሎ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሌላ ሚዛን አምጥተህ ታመሳክራለህ። እብደትን፣ ድህነትን፣ ጭንቀትን በምን ታመሳክራለህ? በዓይን የማይታይ ነገር ነው። በ1955 ክሮንባክና ሚል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይሄን ጉዳይ በጽሑፍ አነሡ። የማይታይን ነገር ስትለካ አንድ የመጨረሻ ዳኛ የለህም፤ ማስረጃ ከየአቅጣጫው ማሰባሰብ አለብህ አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ካምቤልና ፊስክ ደግሞ አንድን ነገር በሁለት እጅግ በተለያየ መንገድ ለካው አሉ፤ ሁለቱ ከተስማሙ ጥሩ፣ ካልተስማሙ ግን ሰውን ሳይሆን መጀመሪያ መለኪያህን ጠርጥር።

የቦረናው ታሪክ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የዚህችን ምክር እውነት አሳየ።

ቡታጅራ ቀድማ አሳይታ ነበር

የቦረናው ጥናት ከመውጣቱ በፊት በጉራጌ ምድር፣ ቡታጅራ አካባቢ፣ አገራችን ካየቻቸው ትልልቅ የአእምሮ ጤና ጥናቶች አንዱ ተካሂዶ ነበር። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ተጣሩ። እዚያ ግን አጥኚዎቹ በመጠይቁ ብቻ አልተማመኑም። ሲአይዲአይን ቤት ለቤት አስጠየቁ፤ በጎን ደግሞ አካባቢውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎችን «እንዲህ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ማን አለ?» ብለው ጠየቁ። ጠቋሚዎች ማለት ነው። ከሁለቱም የተገኙት ሰዎች ከዚያ በኋላ በባለሙያ ተመረመሩ።

ምን ተገኘ? አንዱ መንገድ ያመለጠውን ሌላው ይዞታል። በመጠይቁ «አይደለም፣ አይደለም» ብሎ ያለፈ ሰው በጎረቤቱ ጥቆማ ተገኝቷል። ጎረቤት ያላወቀበት፣ ቤቱ ተቀምጦ የሚያዝን ሰው ደግሞ በመጠይቁ ተገኝቷል። የቡታጅራው ቁጥር በመጨረሻ ሌላው ዓለም ከሚታወቀው ጋር ተቀራራቢ ሆነ። ሁለት ዓይን ስለነበረ።

ተመልሰው የመጡት ሰዎች

ወደ ቦረና እንመለስ። እኔን የሚያስደስተኝ የታሪኩ ክፍል ይሄ ነው።

ዜሮ ሲወጣ ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ታትሟል፣ አልቋል። ግን አላለፉትም። ተሾመ ሽብሬ፣ ሰሎሞን ተፈራ፣ ክሬግ ሞርጋንና አታላይ ዓለም ጥያቄውን ይዘው ተመለሱ፤ ሥራቸው በ2010 በዚያው በ«ወርልድ ሳይካያትሪ» ወጣ። አታላይ ዓለም በመጀመሪያውም ጥናት ውስጥ ነበሩ። ማለትም የራሳቸውን ዜሮ ነው የጠረጠሩት።

በዚህኛው ዙር አዎ ወይም አይደለም በሚል ወረቀት አልጀመሩም። ማኅበረሰቡን የሚያውቁ ሰዎችን በቡድን አስቀምጠው አወያዩ። እናንተ ሰው አእምሮው ተነካ የምትሉት መቼ ነው? ምን ሲያደርግ? ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? መልሱ ያው ሁላችንም የምናውቀው ቃል ሆነ፤ ማራታ። ሰዉ ማራታን የሚገልጸው በዓይን በሚታይ ድርጊት ነው። ሰውየው በውስጡ ምን ያስባል፣ ምን ይሰማዋል የሚለው ላይ አይደለም ትኩረቱ፤ ምን ሲያደርግ ታየ የሚለው ላይ ነው።

ከዚያ «እንግዲያው እንዲህ ያለ ሰው የት አለ?» ተባለ። ሰዎች ተጠቆሙ። የተጠቆሙትን ስካን በሚባል፣ በሠለጠነ የሕክምና ባለሙያ በሚካሄድ ጥልቅ ቃለ ምልልስ መረመሯቸው። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ተገኙ። በስሜት መዛባት ሳቢያ ከእውነታ የራቁም ተገኙ።

ዜሮው የቦረና አልነበረም። የመጠይቁ ነበር።

ለምን አላያቸውም?

ከዚህ በታች ያለው የኔ ሐሳብ ነው። ለተለያዩ ጥናቶች መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ዞሬአለሁ፤ ኦላ ለኦላ እየሄድኩ ያየሁትን ይዤ ነው የምናገረው።

አንደኛ፣ ጥያቄው ለሕመምተኛው ራሱ ነው የሚቀርበው። እንዲህ ዓይነት መጠይቅ «ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ሰምተህ ታውቃለህ?» «ሰዎች እየሰለሉህ ነው ብለህ አምነህ ታውቃለህ?» ዓይነት ነገር ይጠይቃል። ሕመሙ ያለበት ሰው እኮ ድምፁ ለሱ እውነት ነው፤ «ሌላ ሰው የማይሰማው» የሚለውን ሐሳብ ከየት ያመጣዋል? ጤነኛው ደግሞ ፎራ ላይ ከብት ይዞ ድንበር አካባቢ የሚያድር ሰው ከሆነ «እየተሰለልኩ ነው» ማለቱ ሕመም ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። አያና የሚያድርበት ሰው ባለበት አገር ድምፅ መስማትም ሁልጊዜ ሕመም ተብሎ አይቆጠርም። አንድ ጥያቄ፣ ሦስት ትርጉም።

ሁለተኛ፣ መጠይቅ የሚያገኘው ቤቱ ያለውን ሰው ነው። ማራታ የሚዞር ነው። ወይ ወደ ከተማ ወጥቷል፣ ወይ ዘመድ ቤት ተወስዷል፣ ወይ ደግሞ ከጎጆው ጀርባ ነው፤ የቤቱ ሰዎች «ማን ማን አለ?» ሲባሉ ስሙን አይጠሩትም። ክፋት አይደለም፤ ለእንግዳ መንገር ይከብዳል።

ሦስተኛው ትርጉም ነው። ሰዎች «በደንብ ተተርጉሟል» ሲሉ እሰማለሁ። ቃል ሲተረጎም ሐሳቡ አብሮ ይሻገራል ማለት አይደለም። ትንሿን ምሳሌ ልንገራችሁ። በኛ አገር «ገና» ማለት ዋናው የዝናብ ወቅት ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው። አንድ ሽማግሌ «ከገና በፊት» ሲል በአማርኛ የሚያስብ ጠያቂ የልደት በዓል መስሎት ታኅሣሥ ብሎ ይጽፋል። ሦስት ወር ጠፋ ማለት ነው። ማንም አልዋሸም። ማንም አልተሳሳትኩም አይልም። ወረቀቱም ንጹሕ ነው።

ይሄ የቦረና ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የወለዱ እናቶችን ድባቴ ለመለየት በኤደንብራ የተዘጋጀ አንድ የታወቀ መጠይቅ አለ። በገጠር ቡታጅራ በባለሙያ ምርመራ ሲመሳከር ደካማ ሆኖ ተገኘ፤ ውጤቱ በ2008 ታተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በአዲስ አበባ በተደረገ ተመሳሳይ ማመሳከሪያ ያው መጠይቅ ጥሩ ሠራ። አንድ አገር፣ አንድ መጠይቅ፣ የጥቂት ሰዓት መንገድ ልዩነት። የጣሳዋን ነገር አስታውሱ፤ ልክነት መሣሪያው ላይ አይለጠፍም ያልኩት ለዚህ ነው።

«ስንት ከብት አለህ?»

አእምሮ የማይታይ ስለሆነ ነው እንጂ የሚቆጠር ነገር ችግር የለውም የሚል ካለ ከብትን እንውሰድ። ከከብት በላይ የሚታይ ነገር አለ?

«አባቴ፣ ስንት ከብት አለዎት?» ብለህ ጠይቅ። ብልህ ሽማግሌ ከሆነ መልሶ ይጠይቅሃል። «የትኛውን ነው የምትለኝ? እዚህ የሚታለበውን? ፎራ የሄደውን? ለወንድሜ ልጅ በደባሬ የሰጠሁትን? ወይስ ሰው ሰጥቶኝ እኔ የማልበውን?» ደባሬ ማለት ለተቸገረ ሰው እንዲያልባት የምትሰጥ ላም ናት፤ ወተቱ የተቀባዩ ነው፣ ላሟ የሰጪው። ባለቤትነት ከጠየቅህ አንድ ቁጥር፣ ዛሬ ልጆቹ የሚጠጡትን ወተት ከጠየቅህ ሌላ ቁጥር ነው። በዚያ ላይ ሁለት ሚስት ካለች ለእያንዳንዷ የተመደበ ላም አለ፤ «ቤተሰብ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ስንቱን ጎጆ ትከታለህ? ሰዉ ከብቱንና ልጁን ቆጥሮ ለሰው መናገር እንደማይወድ ደግሞ አትርሱ።

እሺ፣ ቁጥሩ ተገኘ እንበል። አጥኚዎች ግመል፣ ከብትና ፍየልን ወደ አንድ መለኪያ ይቀይሩታል። አንዱ ሠንጠረዥ ከብትን 1፣ ግመልን 1.4፣ ፍየልን 0.1 ይላል። ሌላው ግመልን 1፣ ከብትን 0.7፣ ፍየልን 0.1 ይላል። አምስት ግመል፣ አራት ከብትና ሃያ ፍየል ያለው ቤት በመጀመሪያው 13 ይሆናል፣ በሁለተኛው 9.8። በረት ውስጥ ምንም አልተቀየረም።

ይሄ የምሁራን ጨዋታ መስሏችሁ ከሆነ አይደለም። ሰሎሞን ደስታና ሌይን ኮፖክ በአሬሮ፣ በሜጋ፣ በነገሌና በያቤሎ የ55 አባወራዎችን የከብት ታሪክ ከ1980 እስከ 1997 ወደ ኋላ እየጠየቁ አሰባስበው ነበር። የተሰበሰበው ማስታወሻ በዓለም የታወቀ የኢኮኖሚክስ መጽሔት ላይ ለወጣ የ2004 ጽሑፍ መሠረት ሆነ። በዚያ ጽሑፍ መሠረት መንጋው ከ15 ከብት ገደማ በታች የወረደ ቤት ተመልሶ ለመነሣት በጣም ይቸገራል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ 14 እና 16 መካከል ያለው ልዩነት ሁለት የደባሬ ላሞች ሊሆኑ ይችላሉ። ማን ይረዳ፣ ማን ይቅር የሚለው ውሳኔ እንዲህ ባለ መስመር ላይ ከተመሠረተ «አለህ» የሚለው ቃል ትርጉም የሰው ኑሮ ነው።

«የ17 ዓመት ከብት ማን ያስታውሳል?» ትሉ ይሆናል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ግን ከሰዎች ትዝታ የወጣው ሥዕል ሁለት ትልልቅ እልቂቶችን አሳየ፤ በ1983–85 እና በ1991–93። በእያንዳንዱ ከከብቱ ከሦስተኛ እጅ በላይ አለቀ። እነዚያ ደግሞ ድርቅ የነበረባቸው ዓመታት ናቸው። ትዝታና ሰማይ ተመሳከሩ፤ ካምቤልና ፊስክ ያሉት ይሄን አይደል?

ገዳ ሰዓት ነው፣ ዕድሜ አይደለም

ቦረና ጊዜን የሚያስታውስበት የራሱ ሰዓት ስላለው ይሄ አይገርመኝም። ሽማግሌን «1987 ላይ ምን ነበር?» ብትለው ምንም አይልህም። «በቦሩ ጉዮ ዘመን» ካልከው ግን ከ1984 እስከ 1992 ያለው ስምንት ዓመት ተዘረጋለት። ከሱ በፊት ጅሎ አጋ፣ ከሱ በኋላ ቦሩ መዳ። እያንዳንዱ አባ ገዳ ስምንት ዓመት፤ በመሐል የድርቁ ስም፣ የዝናቡ ስም። መጠይቅ የሚያዘጋጅ ሰው ይሄን ቢጠቀምበት የትዝታ መለኪያው ይስተካከልለታል።

ወጥመዱ ግን እዚሁ ነው። ገዳን ሰዓት አድርገህ ስትጠቀምበት ልክ ነው፤ የሰው ዕድሜ ማወቂያ አድርገህ ስትጠቀምበት ግን ልክ አይደለም። አስመሮም ለገሠ በ1960ዎቹ ቦረና ውስጥ አጥንተው በ1973 ባሳተሙት «ገዳ» በተባለው መጽሐፋቸው ይሄን በደንብ አሳይተዋል። ልጅ ወደ ገዳው መስመር የሚገባው ከአባቱ አምስት ገዳ፣ ማለትም 40 ዓመት ተቆጥሮ ነው፤ መቼ ተወለደ የሚለው አይወስነውም። ስለዚህ አባቱ በወጣትነቱ የወለደውና አባቱ በስተርጅና የወለደው አንድ ሉባ ውስጥ ሆነው ዕድሜያቸው በብዙ ዓመት ሊራራቅ ይችላል። በዕድሜ የሚመደበው ሀሪያ ሌላ ነው። ገዳን «የዕድሜ እርከን» ብለው ይጽፉ የነበሩ የውጭ ጸሐፊዎች የተሳሳቱት መለኪያው ሌላ ነገር እንደሚለካ ስላልጠየቁ ነው።

አገር አቀፍ ጥናቶችም ከጊዜ ጋር ይታገላሉ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቀኖቹ የሚመዘገቡት በኛው አቆጣጠር ነው፤ ፋይሉን ከሌላ አገር ጋር የሚያወዳድር ሰው 92 ወር መደመር አለበት፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር። የረሳ ሰው የሕፃናትን ክትባት ከተሳሳተ ዘመን ጋር ያዛምዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ጥናት አይረባም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው። የቦረናውን ዜሮ ያረመው ራሱ ጥናት ነው፤ የራሱን መለኪያ የሚጠይቅ ጥናት። አገሪቱ በ2012 የመጀመሪያውን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አውጥታለች። ዕቅድ የሚሠራው በቁጥር ነው። ቁጥሩ ውስጥ ያልገባ ሰው ዕቅዱም ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ቁጥር ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ጥያቄው እዚህ፣ በዚህ ቋንቋ፣ እንዲህ ከሚኖር ሰው ጋር ተፈትኗል ወይ? በሌላ መንገድ ተመሳክሯል ወይ? ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ይሄ መጠይቅ ሊያየው የማይችለው ማን ነው? ታብሌት ይዛችሁ የምትዞሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ ሽማግሌው «የትኛውን ነው የምትለኝ?» ሲል አትበሳጩ፣ «አንዱን ብቻ ይበሉኝ» ብላችሁም አትቸኩሉ። ያቺን ጥያቄ ጻፏት። ለአለቆቻችሁ ንገሩ። ብዙ ጊዜ ከመልሱ በላይ ዋጋ ያላት እሷ ናት።

ላለፉት ጥቂት ዓመታት አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከከዳን በኋላ ስንት ጥናት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ስለ ረሃቡ፣ ስለ ከብቱ፣ አሁን አሁን ደግሞ ከብቱ ያለቀበት ሰው አእምሮው ምን እንደሆነ ይጠየቃል። ጥሩ ነው፣ ይጠየቅ። ግን ከብቱ ያለቀበት አባወራ ሐዘኑን የሚናገርበት ቃል ወረቀቱ ላይ ካለው ቃል ጋር ይገናኝ እንደሆነ አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰው ይኑር። አለበለዚያ ሌላ ዜሮ ይወጣና «ቦረና ጠንካራ ሕዝብ ነው፣ ምንም አልሆነም» ይባላል።

በየሰፈራችሁ፣ በየቋንቋችሁ፣ አእምሮው የታመመ ሰው ምን እንደሚባልና ሰዉ በምን ምልክት እንደሚያውቀው ከታች ጻፉልኝ። የሰው ስም አትጥቀሱ፤ ቃሉንና ምልክቱን ብቻ። ከያቤሎ፣ ከነገሌ፣ ከሞያሌ፣ ከጎንደርም ከጅጅጋም ያላችሁ። ጥናት ላይ የሚሠራ ወዳጅ ካላችሁም አድርሱት።